በሷ ግድግዳ የተሰቀለው በርሜል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

ጠዋት እንደ ልማዴ ባትሪ ቤት ገባሁ። ኮንትሮለሩን፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ሣጥን፣ አየሁት። 28.8 ቮልት ላይ ቁጭ ብሏል። አራቱም ባትሪ ጠግቧል። ወንዙ ገና ሙሉ ነው፣ መብራት የሚሰጠን ተርባይን ሌት ተቀን ያጉረመርማል።

ይሄ ሥራ የኔ ከሆነ ቆየ። ባሌ አናጢ ነው፣ ጣሪያ ላይ የቀረ ምስማር ከታች ሆኖ ያያል፤ የኮንትሮለሩን ደቃቅ ቁጥር ግን አያይም። መነጽር አድርግ ሲሉት "አላረጀሁም" ይላል። ወንድሙ በያጁ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ሁለት ቁልፍ ከተጫነ ሦስተኛውን በቡጢ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ ተርባይኑን ተክሎልን ሲሄድ ቁጥሮቹን ያሳየው ለኔ ነው። "ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇ አይንቀጠቀጥም" አለ። ያን ቀን ኮርቼ ነበር።

ግን ያን ቀን ያላሰብኩት ነገር... ወንዝ እንደ ፀሐይ አይጠልቅም። ባትሪው ከጠገበ በኋላም ኃይሉ ይመጣል፣ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። "ተርባይኑ የሚሸከመው ካጣ ይፈረጥጣል፣ ያለ ልክ ፈጥኖ ይሰበራል፣ ያለ ሸክም እንዳትተዉት" ብሎናል። ስለዚህ ትርፉ ወደ በርሜል ይሄዳል፣ ውሃ ያሞቃል። በርሜሉ የት ይሰቀል? ሽቦው አጠረ። ለባትሪ ቤቱ የሚቀርበው የማን ግድግዳ ነው? የዋርሳዬ የበያጁ ሚስት። የሳቂታዋ!

"ይሁን፣ ያው አንድ ግቢ ነን" ያልኩት ደግሞ እኔው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ሙቅ ውሃ አገኘችና ሳሎኗን ጸጉር ቤት አደረገችው። እኔ በዚህ በኩል ከስፌት መኪናዬ ጋር፣ እሷ በዚያ በኩል ከደንበኞቿ ጋር። መሃላችን አንድ ግድግዳ።

ዛሬ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። እነሱ ሲስቁ ዋሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ቅዳሜ የጸጉር ቀን ነው። ልጄ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት በጉልበቶቼ መሃል ትቀመጣለች፣ እሠራታለሁ። ስታለቅስም፣ ስትስቅም፣ ስታኮርፍም። አሁን አሥራ ስድስት ሞላት፣ ቁመቷ አልፎኛል፣ ቢሆንም ትቀመጥልኝ ነበር።

ዛሬ ማበጠሪያዬን ይዤ፣ ቅባቱን ከፍቼ ጠበቅኳት። የለችም።

እኩለ ቀን ላይ መጣች። ታጥባ፣ ተሠርታ፣ አምራ... አምራለች፣ ምን ይዋሻል። ጉንጉኖቹ በመርፌ የተሰፉ ነው የሚመስሉት።

"ማን ሠራሽ?" አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"አክስቴ ናታ! በሙቅ ውሃ አጥባኝ እኮ ነው፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።"

"እኔ ስጠብቅሽ?"

"እማዬ... ያንቺ ያመኛል።"

ያንቺ ያመኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል! ማበጠሪያውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ጥርሱ ተሰበረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

የመምህሩ ሚስት ቀሚስ ልትለካ መጣች። መጀመሪያ ግን የት ገባች? እዚያ። ከታጠበችው ጸጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ የቆረጥኩት ጨርቅ ላይ! ስለካት ደግሞ አፏ አያርፍም። "አቤት እጇ! አቤት ጨዋታዋ! ያ ሙቅ ውሃ ደግሞ አንገት ላይ ሲወርድ..."

ሜትሬን ወገቧ ላይ ጠበቅ አደረግሁት።

"ኧረ አነቅሽኝ!"

"ወፍረሻል" አልኳት። አልወፈረችም።

ማታ ለባሌ አነሳሁበት። የኛ ቤት ሙቅ ውሃ የሌለው ለምንድን ነው? "ሄደሽ ቅጂያ፣ ማን ከለከለሽ?" አለኝ። ሄጄ ልቅዳ! ባልዲ ይዤ ደጃፏ ላይ ልቁም፣ እሷ "ግቢ እትዬ፣ ግቢ" እያለች ጥርሷን ታሳየኝ። ቆሽሼ ብቀር ይሻለኛል።

"ትቀኛለሽ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ። እሱም መሳቅ ጀመረ እንግዲህ።

በምኗ ነው የምቀናው? አልኩት። እዚህ ግን ማን ያየኛል... አዎ እቀናለሁ። በጥርሷ። በበርሜሏ። ልጄ እሷ ጋ ስትሆን ድምጿ በመቅጠኑ እንኳ እቀናለሁ። 

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

29.6 አደረግሁት።

ባትሪው "ጠገብኩ" የሚልበት ቁጥር ከፍ ካለ ቶሎ አይጠግብም። ካልጠገበ ትርፍ የለም። ትርፍ ከሌለ በርሜሉ አይሞቅም... እንግዲህ።

ኤሌክትሪሺያኑ ራሱ "አልፎ አልፎ ከፍ ሲል ባትሪውን ያጥበዋል" ብሎ የለ? ብሏል። ለጥቂት ሰዓት ነው ያለው። እመልሰዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

አልመለስኩትም።

ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ አንዷ "ውይ!" ብላ ስትጮህ ሰማሁ። እሰይ። ክር ወደ መርፌ ሳስገባ እጄ ራሱ ፈጠነ።

ትንሽ ቆይታ መጣች። እጇ ላይ የሻምፖ አረፋ፣ ፊቷ ላይ ያ ጥርስ።

"እትዬ፣ ኮንትሮለሩ ደህና ነው? ውሃው ለብ ብሎ ቀረብኝ።"

"ወንዙ ቀንሶ ይሆናል።"

ወንዙ በመስኮቴ በኩል እየጮኸ! ሰማችው፣ መቼስ ደንቆሮ አይደለችም። "አይ እንግዲህ፣ ያብዛልን" ብላ ሳቀች። አሁንም ሳቀች! ምኑ ነው የሚያስቃት? ውሃዋ ቀዝቅዞ የምትስቅ ሴት ምን ይደረጋታል?

ልጄ ዛሬም እኔ ጋ አልተቀመጠችም። አዲስ ማበጠሪያ ገዝቼ ነበር። ሰፊ ጥርስ ያለው፣ የማያም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

30.8። ለብ ማለቱም ይቅር።

ባትሪዎቹ እንደ ድስት ይንተከተካሉ። ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በሩን ከፈት አድርጌ ወጣሁ። ባሌ "ምን ይሸታል?" ሲለኝ "አይጥ ሞቶ ይሆናል" አልኩት። አሁን ደግሞ አይጥ እየፈለገ ነው። የኔ ነገር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ውሃዋ በረዶ ሆኗል። ደንበኛ ቀንሷል። የመምህሩ ሚስት እንኳ "ሲሞቅ እመጣለሁ" ብላ ሄደች። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የሚቀመጥ የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል?

ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ደጄ ላይ ጥላ በረረች። በመስኮት አየኋት። ቡታጋዙን ደጅ አውጥተዋል። ውሃ ያፈላሉ፣ በማንቆርቆሪያ ያመላልሳሉ፣ አንዷ ታፈስሳለች ሌላዋ ታሻሻለች። አክስቷ እጇን ስትቃጠል ልጄ እፍ እፍ ትልላታለች። እፍ! እኔን መርፌ ስንት ጊዜ ወግቶኛል፣ ማን እፍ አለኝ?

ማታ ደክሟት መጣች። "አክስቴን ማገዝ አለብኝ፣ ብቻዋን አትችለውም" አለችኝ። በፊት እኮ ለመሳቅ ብቻ ነበር የምትሄደው። አሁን ልታግዛት ነው። ይሄን ያደረግሁት እኔው አይደለሁ? እናቴ በሕይወት ቢኖሩ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይሉኝ ነበር።

ነገ እመልሰዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ልመልሰው ገባሁ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ከወዲያ በኩል ሁለቱም ሲስቁ ተሰማኝ።

ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 29

መብራቱ ገና ማታው ሳይገፋ ደበዘዘ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ግማሽ እጅጌ ላይ መኪናዬ ቀጥ አለች። ካውያውን ነቀልኩ፣ ትንሽ ሄደች፣ ደግማ ቆመች። መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካች።

ባሌ "ምን ሆነ?" ይላል። ዋርሳዬ "ምን ሆነ?" ይላል። እኔም አብሬ "ምን ሆነ?" አልኩ። አይ እኔ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 1

ዋርሳዬ የባትሪዎቹን ክዳን ከፈተ። ውሃ መጨመር የሱ ተራ ነው፣ ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

"ደርቀዋል! ውስጣቸው ተራቁቷል! ሁለቱ አልቆላቸዋል በቃ!"

ከዚያ ዘወር አለና ወደ ማን? ወደ ሚስቱ። "ያ የፈላ ውሃሽ ነው የጨረሰው! ቀን ከሌት ስታሞቂ፣ ቀን ከሌት ስትለቂ!" ባሌም ጺሙን እያከከ "እውነት ይሆናል እኮ፣ ማሞቂያ ብዙ ነው የሚበላው" አለ።

በርሜሉ ከባትሪ አይበላም። የሚበላው ትርፉን ነው፣ ፍርፋሪውን። ይሄን የማውቀው እኔ ነኝ። እኔና ልጄ፤ ባለፈው ዓመት ስለ ቁጥሮቹ ያስተማርኳት እኔው። ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች።

እኔ ደግሞ... ክዳኖቹን ከመሬት አንስቼ ለዋርሳዬ አቀበልኩት።

ሳቂታዋ አልሳቀችም። "እንግዲያው ይነቀል" አለች። "የእትዬ መኪና ይቅደም። የሰው ቀሚስ ይዛ ነው ያለችው፣ ሙሽራ ልታሳፍር ነው እንዴ? ጸጉር የትም ይታጠባል።"

ዋርሳዬ እሑድ ማሞቂያውን እነቅለዋለሁ ብሏል። እኔ የፈለግሁት ሁሉ ሆነ። እሷ ደግሞ "የእትዬ መኪና ይቅደም" አለች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? እንዲህ ትበልጠኝ እንዴ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ማንም ሳያይ ልመልሰው ሄድኩ። ልጄ ቀድማኛለች። ዩኒፎርሟን ለብሳ ኮንትሮለሩ ፊት ቆማለች።

"እማዬ፣ ይሄ 30.8 ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ከፍ ካለ ይፈላል፣ ውሃው ያልቃል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

አየችኝ። ረጅም ነው ያየችኝ። ከዚያ ዞራ ቁልፉን እየተጫነች ራሷ አወረደችው። ቀስ አድርጋ፣ ልክ እንዳሳየኋት። 28.8።

"ለአባዬ አልነግረውም" አለችኝ።

ለምን አደረግሽው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ገብቷታል ማለት ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው። በርሜሉ ተመልሶ ሞቋል፣ የሚታጠብበት ግን የለም።

ልጄ ሳልጠራት መጣች። ጉልበቶቼ መሃል ተቀመጠች። ያ የማያመውን ማበጠሪያ አወጣሁ።

"ያማል?"

"አያምም።"

"ላላ ላድርገው?"

"እንደፈለግሽ።"

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ምንም።"

እንዲህ ሠርቻት ጨረስኩ። ተነስታ "አመሰግናለሁ" አለችኝ። ለእናቷ አመሰግናለሁ! የመጣች እንግዳ እንደሆንኩ ሁሉ። ከዚያ መርፌ ይዛ አጠገቤ ቁልፍ ስትተክል ዋለች። አክስቷ ጋ አልሄደችም። ይሄን አይደል ስመኝ የከረምኩት? ልጄን አገኘኋት፣ አጠገቤ ናት፣ የለችም።

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። መቀስ ስይዝ ድምፁ ለኔው ይጮህብኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ይሄን ስጽፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ።

ዋርሳዬ ከቁርስ በኋላ ፒንሳውን ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። ባሌ መሰላሉን ያዘለት። ሳቂታዋ በሯ ላይ ቆማለች። ልጄ ከኋላዬ። ተርባይኑ ያጉረመርማል።

ፒንሳው ሽቦውን ሲነካ ጮህኩ። "አትቁረጠው! ሸክም ካጣ ይፈረጥጣል፣ የቀሩትንም ባትሪዎች ይዞ ይሄዳል!"

"ሴትዮ፣ እየበላን ያለ ነገር ነው ይሄ!"

"እሱ አይደለም የበላን።"

"ታዲያ ማነው?"

መሰላሉ ላይ እንዳለ ዞሮ አየኝ። ባሌም። ልጄን ዘወር ብዬ አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች። አንገቷ ላይ ትናንት የሠራሁት ጉንጉን ወርዷል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቁጥሩን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ውሃው እንዲቀዘቅዝ ብዬ።"

ባሌ ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ከዚያ አቆመ።

"ለምን?"

ምን ልበል? ያሰብኩት ሌላ፣ የወጣኝ ሌላ። "ልጄን ወሰደችብኝ" አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! በዚህ ዕድሜዬ! መሬት ብትውጠኝ ምን አለ።

ዋርሳዬ ወረደ። ፒንሳውን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ። ሳቂታዋ ግን ቀስ ብላ ወደኔ መጣች።

"ማንቆርቆሪያ ስሸከም ታይኝ ነበር?"

"አዎ።"

"በመስኮት?"

"በመስኮት።"

ገብታ በሯን ዘጋች። ሳትወረውረው፣ ቀስ አድርጋ።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ባሌ መነጽር ገዛ። ጠዋት ባትሪ ቤት ገብቶ ቁጥሩን ራሱ አየ። ከወጣ በኋላ አየሁት፣ ዓይኑ ቀልቷል። መነጽሩ ይሁን ሌላ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ሁለቱን የሞቱ ባትሪዎች ነቅሎ፣ ከሌላ ቦታ ያወጣቸውን ሁለት ያገለገሉ አስገባ። "ያዘልቋችኋል፣ ግን ማታ ማታ ቆጥቡ" አለ። ማነው የነካው ብሎ አልጠየቀም፤ ዋርሳዬ መንገድ ላይ ነግሮታል መሰለኝ። ኮንትሮለሩ ላይ የምስጢር ቁጥር አስገባበት። ለማን ልስጠው? አለ።

"ለሷ" አለ ባሌ። ወደ ልጃችን እየጠቆመ።

ማን እንደማያውቀው ግልጽ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

የሙሽራዋን ቀሚስ አደረስኩ። በእግር በምትረገጠዋ በአሮጌዋ መኪና። ጉልበቴ አብጧል። የሥራዬ ነው።

ጸጉር ቤቱ ተከፍቷል። በርሜሉ ሞቋል። ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች።

"ሂጂ" አልኳት።

"ብቀር ግድ የለኝም እማዬ..."

"ሂጂ አልኩሽ። ቁልፍ የምትተክይው አያምርም፣ ክሩን ታበዢበታለሽ።"

ፈገግ ልትል ነበር፣ ያዘችው። ሄደች። እኔ ቅናቴ ለቆኛል ልበል? አለቀቀኝም። ተቀምጬ እየሰማሁ ሰፋሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ። በራሴ ላይ ከመሰከርኩ ወዲህ ሳቂታዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም ነበር።

"እትዬ! ነይ ጸጉርሽን ልጠብሽ!"

ለባሌ "ሥራ አለባት በላት" አልኩት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና "ሂጂ ታጠቢ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በራሱ ፈቃድ ያዘዘኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ሄድኩ። አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም ነበር ያን ክፍል። መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ ካስክ፣ መሳቢያ ሙሉ የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን። ግድግዳው ላይ፣ ልክ በኔ መኪና በኩል፣ ልጄ የሣለችው ትንሽ ስዕል። ተቀመጥኩ። አንገቴን ማጠቢያው ላይ አስተኛችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ያ የሚያወሩለት ሙቅ ውሃ ሊመጣ ነው ብዬ።

በረዶ!

እስከ አጥንቴ! ጮህኩ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። አንድ ሙሉ ማንቆርቆሪያ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ፣ ሳትቸኩል አፈሰሰችብኝ።

"ቀዘቀዘ እንዴ፣ እትዬ?"

"አ... አልቀዘቀዘም።"

"ወንዙ ቀንሶ ይሆናል።"

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ልጄ ናት። ከወዲያ ጥግ አፏን ይዛ ስትስቅ ሰማሁ፣ ከዚያ አልቻለችም፣ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ተገልብጬ ስለተኛሁ የማየው ጫማዋን ብቻ ነበር፤ መሬቱን ይደበድባል። ያ ሳቅ። ከግድግዳው ወዲያ ስሰማው የከረምኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባለሁበት ክፍል።

"ይሄ የማንቆርቆሪያዬ ነበር" አለች ሳቂታዋ። "አሁን ደግሞ የበርሜሉን እንኪ።"

ቧንቧውን ከፈተችው። ሞቀ። ጣቶቿን ጸጉሬ ውስጥ አስገባች።

እጇ አያምም። ልጄ እውነቷን ነው። ይሄ ደግሞ እንዴት እንዳናደደኝ።